ሺጌኖ የሸጠችው ደረጃ

ወደ ጃፓኗ ወደብ ወደ ሞጂ የሚመጣ እንግዳ ከባቡር እንደወረደ አንድ የታጠፈ ወረቀት ይሰጠዋል። በወረቀቱ ላይ የእንጨቱ ጣቢያ አለ፤ ቀይ ጡብ የለበሰው የቀረጥ ቤት አለ፤ በማዶ ወዳለችው ወደ ሺሞኖሴኪ የሚሻገረው ረጅሙ ድልድይ አለ፤ ከባሕሩ በታች ሰው በእግሩ የሚያልፍበት ዋሻም አለ። ሺጌኖ ታካሱ ግን የለችም። ወረቀቱን ያዘጋጁት ሰዎች ቦታ አልበቃ አለን ይላሉ። እኔ ቦታ አለኝ፤ ስለዚህ እጽፋታለሁ።

ሺጌኖ የተወለደችው ከመርከብ ማራገፊያው በስተጀርባ፣ ዳገቱ ላይ ከተደረደሩት የሠራተኛ ቤቶች በአንዱ ነው። እናቷ ኢሰኖ የከሰል ሠራተኛ ነበረች። ያን ጊዜ ከሰል ወደ መርከብ የሚወጣው በማሽን አይደለም፤ በሰው እጅ ነው። በመርከቡ ጎን ላይ እንደ መደርደሪያ ያለ መሰላል ይሰቀላል፤ ወንዱም ሴቱም ከጀልባው ጀምሮ እስከ መርከቡ አፍ ድረስ በየእርከኑ ይቆማሉ። ከሰል የሞላው ቅርጫት ከእጅ ወደ እጅ ሽቅብ ይሄዳል፣ ባዶው ቁልቁል ይወረወራል። ቅርጫት መሬት አይነካም፤ ወሬ አይወራም። አንዱ እጅ ከዘገየ የሁሉም እጅ ይዘገያል። በመጨረሻው እርከን የሚቆመው ሰው በዜማ እየጠራ ሥራውን ይመራል። እዚያ የምትቆመው ኢሰኖ ነበረች። ድምፅዋ የመርከብ ፉጨት ያስንቃል ይባል ነበር፤ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ያስንቅ ነበር።

ማታ ሥራ ሲያልቅ ሴቶቹ ከማራገፊያው ጥግ ወዳለችው ትንሽ የባሕር ክንድ ይወርዳሉ። እዚያ ወደ ውኃው የሚወርድ ሰፊ የድንጋይ ደረጃ አለ። በእሱ ላይ ተቀምጠው ከሰሉን ይታጠባሉ። እንደጠቆረች ወደ ቤቷ የምትሄድ ሴት አልነበረችም። ልጅ እናቱን ማነሽ ብሎ መጠየቅ የለበትም ይሉ ነበር። ሺጌኖ ትንሽ ሆና ከደረጃው አናት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ከዚያ ሁሉ ጥቁር ሴት መካከል መጀመሪያ የእናቷ ግንባር ይወጣል፣ ቀጥሎ ጉንጯ፣ ቀጥሎ አንገቷ። ካደገች በኋላ አንድ ቀን ነገሩን አንስታ፣ «እናቴ በየቀኑ ስትወለድ አያት ነበር» አለችኝ። ስለ እናቷ ከዚህ የበለጠ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

አንድ የመከር ወራት የአንድ ትልቅ መርከብ ማዕበል ከሰል የጫነውን ጀልባ ገለበጠው። ሌሎቹ በገመድ ወጡ። ኢሰኖ አልተገኘችም። የእኛ ወሽመጥ ውኃ በቀንና በሌሊት አራት ጊዜ አቅጣጫውን የሚቀይር ነው፤ በዚያች ሰዓት ደግሞ ሊዞር ሲል ነበር። ወደ ምሥራቅ ይዟት ሄደ ወይስ ወደ ምዕራብ፣ ማንም ሊናገር አልቻለም። ዘመዶች ሬሳው ላልተገኘ ሰው እንደ ልማዱ፣ የተቃጠለ ሬሳ አመድ በሚቀመጥበት ማሰሮ ውስጥ ድንጋይ ተደርጎ ይቀበር አሉ። ሺጌኖ ገና ልጃገረድ ናት፤ ቢሆንም «እናቴ ድንጋይ አይደለችም» ብላ እንቢ አለች። ከዚያ ወዲህ በየነሐሴው የሙታን በዓል ሰው ሁሉ ወደ መቃብር ሲወጣ፣ እሷ ወደ ደረጃው ወርዳ አንዲት የወረቀት ፋኖስ አብርታ በውኃው ላይ ትለቅቃለች። የእናቷ መቃብር ያ ደረጃ ነበር። ማራገፊያው ላይ የነበርን ሁሉ እናውቃለን፤ ማናችንም አንስተንባት አናውቅም።

አሁን ወደ ሙዙ ልግባ። ከታይዋን የሚመጣው ሙዝ አረንጓዴ እንደሆነ እዚህ ይራገፍና በባቡር ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ይሄዳል። በመንገድ ላይ ቢጫ የሆነው ግን ባቡር አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን እዚያው መንገድ ላይ መሸጥ አለበት። ሙዝን በዜማ መሸጥ የሚባለው ሙያ በወደባችን የገነነው በዚህ ምክንያት ነው። ሻጩ ከሳንቃ ጀርባ ቆሞ በቀርከሃ ዱላ ሳንቃውን እየመታ ያዜማል። ማንም የማይከፍለውን ዋጋ ይጠራና ራሱ እየቀነሰ፣ እየቀለደ፣ ገዢውን እየሰደበ ይወርዳል። ገዢው «ገዛሁ!» ሲል ዱላው ይወድቃል። ዱላ ከወደቀ በኋላ ወደኋላ የለም። ዱላ ከወደቀ በኋላ አልገዛሁም ያለ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ በማራገፊያው ላይ ዓሣም ሆነ ጨው የሚሸጥለት ጠፍቶ ተሻግሮ ሺሞኖሴኪ ገባ።

ሌላም ነገር አለ። ሰው መጀመሪያ ሆኖ ለመግዛት ያፍራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሻጭ አሟሟቂ አለው። አሟሟቂው እንደ ማንኛውም ገዢ በሕዝቡ መካከል ይቆማል። ሻጩ ዱላውን ወደ ላይ አንስቶ በድንገት ዝም ይላል፤ በዚያች ዝምታ አሟሟቂው «ገዛሁ!» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ በኋላ ሌላው ይከተላል። አሟሟቂ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ቢሆን እንኳ ጆሮው ያችን ዝምታ መሳት የለበትም።

በዘመናችን የሻጮች ሁሉ አለቃ ሽማግሌው ኩሮኪ ነበር። አሟሟቂው የገዛ ልጁ ሺንሳኩ ነው። ሺጌኖ የመሸጫ ቦታ እንዲሰጣት ኩሮኪን ለመነችው ብሎ የሚያወራ አለ፤ ውሸት ነው። አልለመነችውም፤ ነገረችው። እሱም በሰው ፊት፣ «ሴት ሙዝ ትላጥ እንጂ አትሽጥ፤ የሴት ድምፅ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም» ብሎ ሳቀ።

«የእናቴ ድምፅ የእንግሊዝ መርከብ ላይ ይወጣ ነበር፤ የእኔ አንድ መንገድ መሻገር ያቅተዋል?» አለችው።

ቦታ አልሰጣትም። እሷም የዓሣ ሣጥን ገልብጣ፣ ሳንቃ አጋድማ፣ በድንጋዩ ደረጃ አናት ላይ ቆመች። ሬንጅና የበሰበሰ የባሕር አረም ስለሚሸት ያን ቦታ የሚፈልገው አልነበረም። እሷ ግን ጀርባዋን ለውኃው ሰጥታ አፏን ወደ ከተማው ከፈተች።

«ከደሴቱ ሲነሳ ለምለም አረንጓዴ፣
ማዕበል አብስሎት መጣልሽ ዘመዴ፤
ዛሬ ካልበላሽው ነገ ይጠቁራል፣
እንደ አማትሽ ፊት ዘወትር ያኮርፋል!»

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰሟት የባሕር ወፎችና እኔ ነበርን። እኔ ያኔ ጀልባ ቀዛፊ ነኝ፤ ጀልባዬን የማስረው እዚያው ሥር ነው፤ ባልሰማም መስማቴ አይቀርም። ክረምት ሲገባ ግን ሕዝቡ ከኩሮኪ ፊት እየተነሳ ወደ ደረጃው ይጎርፍ ጀመር። አንድ ቀን ኩሮኪ ራሱ መጣ። እጁን አጣምሮ አዳመጠ። ሺጌኖ የመጀመሪያውን ዋጋ ስትጠራ፣ ገና አንድ ሳንቲም ሳትቀንስ «ገዛሁ» አለና ዘለላውን ተሸክሞ ሄደ። በሻጮች ዘንድ ያለ ቅናሽ መግዛት ማለት ራስን ዝቅ አድርጎ እጅ መንሳት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃው የሺጌኖ ቦታ ተባለ። ኩሮኪ ሊሞት ሲል የቀርከሃ ዱላውን የተወላት ለእሷ ነው፤ ልጁ ሺንሳኩ ያኔ ከሙዙ ወጥቶ ምግብ ቤት ከፍቶ ነበር።

ዘመን አለፈ። የሙዝ መርከብ ቀረ፣ የከሰሉም ሥራ ሞተ፣ ድልድዩ ሲሠራ የእኔም ጀልባ ደረቅ ላይ ወጣች። ጣቢያው ማፍሰስ ጀመረ፤ በቀረጥ ቤቱ ውስጥ እርግብ ጎጆ ሠራ። እንዲያ እንዳለን የወደብ ማስዋቢያ ማኅበር የሚባል ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩ ሺንሳኩ ሆነ። ሰውየውን አላማውም፤ ጣሪያዎቹ ታደሱ፣ መብራት ገባ፣ ጎብኚ መጣ። በምግብ ቤቱ በምጣድ የሚጋገረው፣ ካሪ የሚሉት ባለ ቅመም ወጥ የፈሰሰበት ሩዝም ስም አወጣ። ከተማው ግን ፊቱን ሲታጠብ፣ ምን ሆኖ እንደጠቆረ የሚያስታውስ ሰው አልፈለገም።

በመጋቢት ሺንሳኩ ሺጌኖን ሊያነጋግር መጣ። ዓሣ የምታደርቅበት ሳንቃ አጠገብ ነበርን። በግንቦቱ የወደብ በዓል መድረክ ላይ ወጥታ የድሮውን ዜማ እንድታሰማ ጠየቃት።

«ሙዙን ማን ያመጣል?» አለችው።

«እትዬ፣ ሙዙ የፕላስቲክ ነው የሚሆነው። ዝንብ እንዳይመጣ ብለን ነው።»

«ማን ይበላዋል?»

«አይበላም እኮ። እኛ የምንፈልገው ዜማውን ብቻ ነው።»

«ሙዝ ሳልይዝ ሙዝ ሙዝ ብዬ ብጮህ፣ አንተ ታጨበጭባለህ፤ ሐኪም ግን ይወስደኛል።»

ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ሌላውን ነገር አወጣ። ከበዓሉ በኋላ የባሕር ክንዷ በአፈር ትሞላለች፤ ደረጃው በሲሚንቶ ይሸፈናል፤ ትልልቆቹ አውቶቡሶች የሚቆሙበትና የሚዞሩበት ቦታ የላቸውም። ለከተማው ነው እትዬ፣ አለ። ሺጌኖ ዓሣዋን መገልበጧን ቀጠለች።

በማኅበሩ ስብሰባ ላይ አንድ ጊዜ ተገኘች። እኔም አብሬያት ሄጄ ነበር። ደረጃው የማይነካበትን ምክንያት እንድታስረዳ ተጠየቀች። ልበ ሩኅሩኅ የሆነች አንዲት የማኅበሩ ጸሐፊ ጎንበስ ብላ የእናትሽን ነገር ንገሪያቸው፣ ይራራሉ ስትል ሹክ አለቻት። ሺጌኖ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

«እናቴ ከሰል ወደ ላይ ያሳለፈች ሴት ናት። እሷን ዘርግቼ አለምንባትም። ደረጃው አይነካም። ያልኩት ይኸው ነው።»

ይህ ምክንያት አይሆንም ተባለ። እጅ ወጣ፤ ደረጃው እንዲሸፈን ተወሰነ።

ስንመለስ ዳገቱን እየወጣን ምን ልታደርጊ ነው አልኳት። ቆም ብላ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«እሸጠዋለሁ» አለች።

ተስፋ የቆረጠች መሰለኝ። «ያንቺ ያልሆነውን?» አልኳት።

«ሙዙስ መቼ የእኔ ነበር?»

በማግስቱ በበዓሉ ላይ እንደምትገኝ ላከችባቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ሳንቃዋንና ዱላዋን ይዛ እንድትወጣ። ሺንሳኩ ደስ አለው።

በበዓሉ ቀን በጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ጢም ብሎ ሞላ። ከሂሮሺማ የመጡ፣ ከኦሳካ የመጡ፣ የዓሣ ሻጮቻችን፣ የቀሩት የማራገፊያ ሽማግሌዎች። ማኅበሩ ከፊት ተቀምጧል፤ ሺንሳኩ ክራቫት አስሮ በመሐል። ሺጌኖ የድሮ ሰማያዊ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ በራሷ ላይ ሻሽ አስራ ወጣች። ማይክሮፎኑን አንስታ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ከፕላስቲኩ ሙዝ አንዱን ወስዳ ሳንቃውን አንኳኳችበት።

«ይሄ ከሞተ ቆይቷል» አለችና ወደ ኋላ ወረወረችው። «ዛሬ ሙዝ የለም። ስለዚህ ሞጂን እሸጣለሁ።»

ሕዝቡ ሳቀ። ዱላው ሳንቃው ላይ ወረደ። ያ ድምፅ ከየት እንደወጣ አላውቅም፤ በዚያ ዕድሜዋ ከአደባባዩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል።

«ይኸው የባቡር ጣቢያ እንጨት ነው ግድግዳው፣
ስንቱን ወጣት ሸኝቶ ስንቷን እናት ጎዳው!»

ብላ ጀመረችና ዋጋውን እየቀነሰች ወርዳ ለአንድ የሂሮሺማ ባልና ሚስት በሁለት ሳሕን ኑድል ሸጠችው። ቀጥላ ቀረጥ ቤቱን አወጣች።

«ይኸው የቀረጥ ቤት ቀይ ጡብ ነው ልብሱ፣
የሰው ሻንጣ ሲቦረቡር አለቀ ጥርሱ!»

እሱንም አንድ ጡረተኛ ፖሊስ ገዛው። ወሽመጡን ሸጠች፤ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በጦርነት ሕፃኑ ንጉሥ የሰጠመበትን ውኃ፣ በጀርባቸው ላይ የተቆጣ ሰው ፊት ካላቸው ሸርጣኖቹ ጋር፣ ሸርጣኖቹ በምርቃት። ወደ ድልድዩ ስትመጣ ዱላዋን ወደ እኔ ቀሰረች፦

«ይኸው ረጅሙ ድልድይ ባሕር የተሻገረ፣
ያንን ጀልባ ቀዛፊ ከሥራ ያባረረ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም ባርኔጣዬን አነሳሁላቸው፤ ምን አደርጋለሁ።

ሺንሳኩን ልብ ብዬ አየው ነበር። ከሁሉም ይልቅ የሚስቀው እሱ ነው። ክራቫቱን አላልቷል። እግሩ ዱላውን ተከትሎ መሬቱን ይመታል። ከንፈሩ ከዜማው ጋር ይንቀሳቀሳል። አጠገቡ የተቀመጡት የማኅበሩ ሰዎች አንድ ነገር ቢሉትም አልሰማቸውም።

ከዚያ ሺጌኖ ዞር ብላ ዱላዋን ወደ ባሕሩ ክንድ ዘረጋች። የመጨረሻው ዕቃ ነው አለች።

«ይኸው የድንጋይ ደረጃ፣ ጌጥ የለው፣ የለው ቅርጽ፣
እዚህ ታጥቦ ወጣ ከሰል የበላው ገጽ!»

ሳቁ ቀነሰ። ከኋላ ከቆሙት አሮጊቶች አንዷ ሻሿን አወረደች።

«አንድ ሚሊዮን የን! የለም? ለአውቶቡስ ጎማ ሚሊዮን አላችሁ፣ ለእናቶቻችሁ ፊት የላችሁም? መቶ ሺህ! እሱም የለም? ሞጂዎች፣ እናንተን ብሎ ሀብታም! ይቅር፣ ገንዘባችሁን ዋጡት። አንድ ብሩሽና አንድ ባልዲ! በየዓመቱ ባሕሩ ሲሞቅ ወርዶ የድንጋዩን ልጋግ የሚፈትግ! የሚጠብቀው፣ የማያስነካው! አንድ ብሩሽ፣ አንድ ባልዲ...»

ዱላውን ወደ ላይ አነሳች። ዝም አለች።

የባንዲራው ገመድ እንጨቱን ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

«ገዛሁ!»

ሺንሳኩ ነው። ቆሟል፤ እጁ ወደ ላይ ተነስቷል፤ ጩኸቱ የወጣት ጩኸት ነው። ዱላው ወረደ።

ፊቱ መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ። ወደ ማኅበሩ ሰዎች ዞሮ ሊስቅ ሞከረ፤ ቀልድ ነው፣ የበዓል ቀልድ ነው አለ። ሺጌኖ ከመድረኩ ጎንበስ ብላ ዱላውን አሳየችው። እጀታው ላይ የሽማግሌው ኩሮኪ እጅ ያለሰለሰው ቦታ አለ።

«አባትህ በዚህ ሲመታ ቀልድ ነበር?»

ሚኔ የምትባለዋ ዓሣ ሻጭ ከኋላ ሆና፣ «አንተ ሺንሳኩ፣ የገዛኸውን ተሸክመህ ሂድ!» ስትል ሕዝቡ ፈነዳ። እንግዶቹ ትርዒቱ ያለቀ መስሏቸው አጨበጨቡ። እኛ ግን አላጨበጨብንም። ዱላ እንደወደቀ እናውቃለን።

በማግስቱ በሺንሳኩ ምግብ ቤት በር ላይ ባልዲና ብሩሽ ተቀምጦ ተገኘ። ካሪ ሊበላ የሚገባው ሁሉ ተራምዶት ይገባል። ሚስቱ አላነሳችውም፤ እሷም የዚሁ የማራገፊያ ልጅ ናት። የማኅበሩ ሰዎች አትስማቸው፣ የአሮጊት ጨዋታ ነው አሉት። ሲሚንቶውን የሚሠሩት ሰዎች ችካል ይዘው ሲመጡ ግን አለቃቸው ችካሉን መኪናው ላይ ትቶ ወደ ምግብ ቤቱ ሄደ። ደረጃው ተሸጧል ሲሉ ሰማን፣ ባለቤቱ ማነው ብሎ ጠየቀ። ሺንሳኩ ምን እንደመለሰለት አላውቅም። ችካሎቹ ግን ተመልሰው ሄዱ።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ጠዋት ከመስኮቴ ሳይ፣ ሊቀ መንበሩ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በደረጃው ላይ ተንበርክኳል። አውቶቡሶቹ ከጣቢያው በስተጀርባ ባለው የድሮ ከሰል ማከማቻ እንዲቆሙ ማኅበሩን አሳምኗል፤ ወይም አስገድዷል፤ እንደተናጋሪው ነው። ወርጄ ለምን ቀልድ ነው ብለህ አልተውከውም አልኩት። ብሩሹን ሳያቆም መለሰልኝ።

«ለአባቴ መጮህ ከተውኩ ወዲህ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፣ ጋሼ። እንዴት ብዬ ልካደው?»

ሺጌኖ አላመሰገነችውም። ማኅበሩ የምስጋና ወረቀት በመስታወት አድርጎ ቢልክላት ለሚኔ ሰጠቻት፤ ሚኔ ዓሣ ትሸፍንበታለች። በነሐሴ የወረቀት ፋኖሷን ይዛ ስትወርድ ሺንሳኩ ያልጨረሰው ጥግ ቀርቶት እየፈተገ ነበር። ፋኖሱን አይቶ ብድግ አለ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ለማን እንደሆነ ጠየቃት።

«ይሄ ከሽያጩ ውስጥ የለበትም» አለችው። «አንተ ፈትግ።»

ፋኖሷን ለቀቀቻት። ውኃው ሊዞር ሲል ነበርና ፋኖሷ ጥቂት ቆማ ከዚያ ሄደች። እሱም ጎንበስ ብሎ መፈተጉን ቀጠለ።

አሁን ደረጃው በወረቀቱ ላይ ገብቷል፤ ትንሽ ሥዕልና ሁለት መስመር ጽሑፍ አለው። እንግዶቹን የሚመራው ልጅ አደባባዩን ሲጨርስ ወደዚያ ያመጣቸዋል። ሺጌኖ ቀኑን ሙሉ በደረጃው መሐል ተቀምጣ ዓሣ ታጸዳለች። ፎቶው እንዲያምር እትዬ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ ይላታል በትሕትና። እሷም ቢላዋዋን ጠርጋ ታየዋለች፤ ንቅንቅ አትልም። እነሱም ከነእሷ ያነሱታል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ስሟ የሌለው ሴት፣ በስንቱ ከተማ፣ በስንቱ ሰው ቤት ግድግዳ ላይ ተቀምጣለች።